የሊትቪኖቩ አለቃ

በ1998ቱ የናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ የቼክ የበረዶ ሆኪ ቡድን ካናዳን በግማሽ ፍጻሜ፣ ሩሲያን በፍጻሜ አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለሁለቱም ድሎች ያስፈለጉት ሦስት ጎሎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ከካናዳ ጋር በመደበኛው ሰዓት ገባ። ሁለተኛው በዚያው ጨዋታ በመለያ ምት። ሦስተኛው በፍጻሜው። ያገቡት ዪርዢ ሽሌግር፣ ሮበርት ራይኽልና ፔትር ስቮቦዳ ናቸው።

ሦስቱም ከአንድ ክለብ የወጡ ልጆች ናቸው። ክለቡ ሊትቪኖቭ በምትባል፣ ዛሬ ከ30 ሺህ ያነሰ ሕዝብ በሚኖርባት የፋብሪካ ከተማ ነው ያለው። አምበሉ ቭላዲሚር ሩዢችካም ከዚያው ነው። ማርቲን ሩቺንስኪ፣ ሮበርት ላንግና ዮሴፍ ቤራኔክም እንዲሁ። አሰልጣኙም ከዚያው ነው። ስሙ ኢቫን ህሊንካ ይባላል።

የምኖርበት አገር ክረምቱ ረጅም ነው። ሆኪ ከቴሌቪዥን አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ ፑኩ፣ በኳስ ፈንታ የሚመቱት ጠፍጣፋ ክብ ጎማ፣ የት እንዳለ እንኳን ማየት ይከብደኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ ከተጫዋቾቹ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ መሄድ ጀመረ። በእግር ኳስ አሰልጣኙ አንዴ ቡድኑን ካስገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር ውስን ነው። በሆኪ ግን ጨዋታው ሳይቆም ተጫዋች ይቀያየራል። አንድ ሰው በረዶው ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ማን፣ በማን ላይ፣ መቼ ይግባ የሚለውን የሚወስነው ከወንበሩ ጀርባ ሱፍ ለብሶ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ አሰልጣኞች ይጮኻሉ፣ ይጠቁማሉ፣ ይሰዳደባሉ። ህሊንካ ግን ረጋ ብሎ በመቆም የሚታወቅ ሰው ነበር።

ስለ እሱ እንድጽፍ ያደረገኝ ከወርቁ በኋላ የመጣው ነገር ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ አንድ የአሜሪካ ክለብ አባረረው። ከተነሱበት ቅሬታዎች ትልቁ የሚገርም ነው። ሰውዬው አያወራም አሉ። ናጋኖ ላይ ግርማ የሆነለት ዝምታ ፒትስበርግ ላይ ጥፋት ሆነበት። ይህን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከመነሻው ልጀምር። ህሊንካ በ1950 የተወለደው ሞስት በምትባል ከተማ ነው። ሞስት ለሊትቪኖቭ ጎረቤት ናት። አካባቢው ሰሜን ቦሄሚያ ነው፣ የቡናማ ድንጋይ ከሰል አገር። ከሰሉ ከሞስት ከተማ ሥር ጭምር ተገኘ። መንግሥት ከተማዋን ሳይሆን ከሰሉን መረጠ። አሮጌዋ ሞስት፣ የመካከለኛው ዘመን ቤቶቿና ጎዳናዎቿ ሁሉ፣ ፈረሰች። ነዋሪው አጠገቧ ወደተሠራችው አዲስ ከተማ ተዛወረ። ከመፍረስ ከተረፉት ዋናው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1975 ሕንፃውን እንዳለ ሐዲድ ላይ አስቀምጠው 841 ሜትር አንቀሳቀሱት። ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ሊትቪኖቭ ደግሞ የኬሚካል ፋብሪካ ነበራት። ፋብሪካውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያቆሙት ጀርመኖች ናቸው። ከከሰል ሰው ሠራሽ ቤንዚን ለማውጣት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት ወረሰውና በስታሊን ስም ጠራው። የሆኪ ክለቡ በ1945 ተመሠረተ። በኋላ የፋብሪካው ስም ተጨምሮለት የኬሚካል ሠራተኞች ቡድን ሆነ። በ1959 ወደ አንደኛው ሊግ ወጣ። ትላልቆቹ ቡድኖች የፕራግና የብርኖ ነበሩ። የሠራዊቱ ቡድን ዱክላ ዪህላቫ ደግሞ ለወታደራዊ አገልግሎት የሚጠሩ ምርጥ ወጣቶችን ይሰበስብ ነበር። ሊትቪኖቭ ከእነዚህ ጋር መወዳደር የምትችለው በራሷ ልጆች ብቻ ነው።

በቆጂን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያወጣች ከተማ አለችን። ትንሽ ቦታ፣ አንድ ሁሉም የሚያየው ስፖርት፣ ታላላቆቹን እየተከተሉ የሚያድጉ ልጆች። ሊትቪኖቭ ውስጥ ልጆቹ የሚከተሉት ታላቅ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ህሊንካ ነበር።

ገና በ16 ዓመቱ በዋናው ቡድን ተሰለፈ። የመሐል አጥቂ ነበር። ትልቅ ሰውነት አለው፣ ፍጥነቱ ግን ያን ያህል አልነበረም። ሆኪ የፍጥነት ጨዋታ ነው፣ እሱ ግን ሌላውን ሰው ወደ ራሱ ልክ ያመጣዋል። ፑኩን ይዞ ይቆያል። ተከላካዩ ትዕግሥቱ አልቆ እስኪመጣበት ይጠብቃል። ከዚያ ያቀብላል። የድሮ ቪዲዮዎቹን ሳይ የምወደው ይህን ነው። በሚጣደፉ ሰዎች መሐል አንድ የማይጣደፍ ሰው አለ።

ገና በወጣትነቱ የክለቡ አምበል ሆነ። የቡድን ጓደኞቹ “ሼፍ” ይሉት ነበር፣ አለቃ ማለታቸው ነው። ስሙ አሰልጣኝ ሲሆን የመጣ አይደለም። ተጫዋች ሳለ ጀምሮ አለቃ ነበር።

በብሔራዊ ቡድን የነበረውን ዘመን ለመረዳት 1968ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ገቡ። ከዚያ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የሚደረግ የሆኪ ጨዋታ ሁሉ ከስፖርት በላይ ሆነ። ቼኮዝሎቫኪያ በ1969 ስቶክሆልም ላይ ሶቪየቶችን ሁለት ጊዜ ስታሸንፍ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሁለተኛው ድል የወለደው ሰልፍ የፖለቲካ ቀውስ እስከ መሆን ደረሰ። ዋንጫውን ግን ያኔም ሶቪየቶች ወሰዱት። ከ1963 እስከ 1971 የዓለም ሻምፒዮናን ከእነሱ በቀር ያነሳ አልነበረም። ያ ሰንሰለት የተበጠሰው በ1972 ነው፣ ፕራግ ላይ፣ በራሳቸው ሕዝብ ፊት። ህሊንካ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበረ፣ ዕድሜው 22። በ1976 ካቶቪትሰ ላይ፣ በ1977 ቪየና ላይም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከኦሊምፒክ ደግሞ የሳፖሮ ነሐስና የኢንስብሩክ ብር አለው። ለአገሩ 256 ጊዜ ተሰልፎ 132 ጎል አገባ። በ1978 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ከሊትቪኖቭ ጋር ግን አንድም ጊዜ የሊግ ዋንጫ አላነሳም። ወታደራዊ አገልግሎቱን በትሬንቺን ለመፈጸም ከወጣበት ጊዜ በቀር ግን ክለቡን ለሌላ የአገር ውስጥ ቡድን ብሎ አልተወም። ይህ ለእኔ ስለ ሰውዬው ብዙ ይናገራል።

በዚያ ዘመን ከቼኮዝሎቫኪያ ወጥቶ ለመጫወት መንገዱ መኮብለል ነበር። ቫስላቭ ኔዶማንስኪ በ1974 ኮበለለ። ፒተርና አንቶን ሽታስትኒ በ1980 ተከተሉ። የኮበለለ ሰው ስሙ ከጋዜጣ ይጠፋል፣ ቤተሰቡም ዋጋ ይከፍላል። ባለሥልጣናቱ መፍሰሱን ማቆም ሲያቅታቸው ሌላ በር ከፈቱ። ዕድሜያቸው ወደ 30ዎቹ የገባና ለአገራቸው ለረጅም ዘመን የተጫወቱ ሰዎች በፈቃድ እንዲወጡ፣ ከገንዘቡም ፕራጎስፖርት የተባለው የመንግሥት ድርጅት ድርሻውን እንዲወስድ ሆነ። በዚያ በር ወደ ኤንኤችኤል፣ ወደ ሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ለመሄድ የመጀመሪያዎቹ ህሊንካና ተከላካዩ ዪርዢ ቡብላ ነበሩ። ዓመቱ 1981 ነው። የሄዱት ወደ ቫንኩቨር ካናክስ ነው።

ህሊንካ ያኔ 31 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ የተደበደበ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ፣ በአዲስ ሜዳ። የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ከአውሮፓው ጠበብ ይላል፣ ግጭቱም ይበረታል። እንደዚያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት በ72 ጨዋታ 23 ጎል አግብቶ 37 አመቻችቶ አቀበለ። 60 ነጥብ መሆኑ ነው። ለክለቡ አዲስ ተጫዋች የሆነ ሰው እስከዚያ ድረስ ያን ያህል አላስመዘገበም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሩሲያዊው ፓቬል ቡሬ ሲመጣ እንኳን እኩል ሆነ እንጂ አላለፈውም። ቫንኩቨር በዚያው ዓመት የኤንኤችኤል ሻምፒዮን እስከሚለይበት የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኒው ዮርክ አይላንደርስ አራቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት 63 ነጥብ አመጣና ሄደ። ለሁለት ዓመት ስዊዘርላንድ፣ ትሱግ ተጫወተ። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ወደ ሊትቪኖቭ።

እዚያ ነው አሰልጣኝ የሆነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በሊትቪኖቭ የወጣው ትውልድ የሚገርም ነው። ራይኽል፣ ላንግ፣ ሩቺንስኪና ሽሌግር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቅ አሉ። ህሊንካ ልጆቹን የሚያውቃቸው ጺም ሳያበቅሉ ነው። አባቶቻቸውንም ያውቃል። እንዲያውም የሽሌግር ወላጅ አባት አብሮት ቫንኩቨር የሄደው ቡብላ ነው። ስቮቦዳ ገና በ18 ዓመቱ በ1984 ጀርመን ላይ ኮብልሎ ስለነበር አገሩን ለዓመታት አላየም። እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ናጋኖ ላይ ሲገኙ አሰልጣኙ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ከናጋኖ በፊት መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ህሊንካ ብሔራዊ ቡድኑን መጀመሪያ የያዘው በ1990ዎቹ መግቢያ ነው። በ1992 አልበርቪል ኦሊምፒክ ላይ ነሐስ አገኘ፤ በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮናም ነሐስ። አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ በ1993 ለቼክ ሪፐብሊክ ሌላ ነሐስ አመጣ። በ1994 ሊልሃመር ኦሊምፒክ ላይ ግን በሩብ ፍጻሜ ወደቁና ቦታውን ለቀቀ። እሱ በሌለበት ቡድኑ በ1996 ሉዴክ ቡካች በተባለ አሰልጣኝ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በተደረገው፣ ከሻምፒዮናው በተለየው የዓለም ዋንጫ ግን ከኤንኤችኤል የመጡት ከዋክብት አገሩን አሳፈሩ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። አንዱ በጀርመን 7 ለ 1። ጀርመን በሆኪ ከትላልቆቹ የምትቆጠር አይደለችም። ሕዝቡ ልጆቹ ሀብታም ሆነው ረሱን አለ።

ህሊንካ የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ናጋኖ የኤንኤችኤል ተጫዋቾች ሁሉ የመጡበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ነው። ሊጉ ለዚህ ሲባል ውድድሩን አቋረጠ። ቼኮች “የክፍለ ዘመኑ ውድድር” ይሉታል። የካናዳና የአሜሪካ ቡድኖች በሙሉ በኤንኤችኤል ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። ህሊንካ ከኤንኤችኤል የወሰደው ከቡድኑ ግማሽ ያህሉን ነው። የቀሩት አውሮፓ ውስጥ የሚጫወቱ፣ ዓለም ስማቸውን የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ያሮሚር ያግር እያለ አምበልነቱን የሰጠው ለ34 ዓመቱ ሩዢችካ ነው። ሩዢችካ በዚያን ጊዜ የፕራጉ ስላቪያ ተጫዋች ነበር። ብዙ አሰልጣኝ ያን አያደርግም። ያግር የዓለም ኮከብ ነው፣ ማኩረፍ ይችላል። ግን ሩዢችካ ሲናገር ማን ዝም ብሎ እንደሚያዳምጥ ህሊንካ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። በቃ፣ ሰጠው።

ሌላም ያደረገው ነገር አለ። ምክትሉ ስላቮሚር ሌነር የታክቲክ ሰው ነበር፣ ቪዲዮና ሥርዓት የሚወድ። ህሊንካ ዝርዝሩን ለእሱ ተወለት። የራሱን ሥራ ሰው መምረጥና ሰው ማመን አደረገው። እና በረኛው ዶሚኒክ ሃሼክ ነበር። ሃሼክን ሳይጠቅሱ ስለ ናጋኖ መናገር አይቻልም። በስድስት ጨዋታ የገባበት ስድስት ጎል ብቻ ነው።

ሩብ ፍጻሜው ላይ አሜሪካን 4 ለ 1 አሸነፉ። ከዚያ ካናዳ መጣች። ለሁለት ክፍለ ጊዜ ማንም አላገባም። በሦስተኛው ሽሌግር ከርቀት መትቶ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ ሲቀረው ትሬቨር ሊንደን አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ማንም አላገባም። ወደ መለያ ምት ሄዱ።

ይህን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ራይኽል የቼክን የመጀመሪያ ምት ይመታል። ፑኩ የብረቱን ውስጠኛ ጎን ነክቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ወገን ሌላ ጎል የለም። ሃሼክ አምስቱንም ካናዳውያን አስቆማቸው፤ ፍሉሪን፣ ቡርክን፣ ኒውዌንዳይክን፣ ሊንድሮስንና ሻናሃንን። በዚያን ጊዜ የኤንኤችኤል ታሪክ ከፍተኛው ጎል አግቢ የነበረው ዌይን ግሬትዝኪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀረ። የካናዳው አሰልጣኝ ማርክ ክሮፎርድ ለመለያ ምት አልመረጠውም። ተከላካዩ ሬይ ቡርክ ግን ተመረጠ። ካናዳውያን እስካሁን ስለዚያ ውሳኔ ይጠያየቃሉ። እኔ ክሮፎርድን መውቀስ አልፈልግም። ወንበሩ ጀርባ ለቆመ ሰው አምስት ስም መጥራት ከባድ ነው። ህሊንካ ግን መጀመሪያ የጠራው ከራሱ ክለብ ያደገውን ልጅ ነው፣ በአእምሮው ጥርጥር ያለ አይመስልም።

ፍጻሜው የካቲት መገባደጃ፣ እሁድ ዕለት ነበር። ፕራግ ላይ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። በአሮጌው ከተማ አደባባይ በትልቅ ስክሪን ፊት ብርዱን ተቋቁሞ የቆመው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በምድቡ ጨዋታ ሩሲያ 2 ለ 1 አሸንፋቸው ነበር። አሁን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስቮቦዳ መታ፣ ገባ። 1 ለ 0። በ1984 የኮበለለው ልጅ ነው የአገሩን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ የሆኪ ወርቅ ያመጣው። ከሞስኮ ታንኮች 30 ዓመት በኋላ፣ በሞስኮ ቡድን ላይ። ቡድኑ ፕራግ ሲገባ ሕዝቡ “ሃሼክ ወደ ቤተ መንግሥት” እያለ ይጮህ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያኔ ቫስላቭ ሃቬል ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ህሊንካ የዓለም ሻምፒዮንም ሆነ፣ ሊልሃመር ላይ። ያቺው በ1994 የወደቀባት ከተማ።

ከዚያ የኤንኤችኤሉ ክለብ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ ጠራው። መጀመሪያ በ2000 መግቢያ የዋናው አሰልጣኝ የሄርብ ብሩክስ አጋዥ ሆነ። በበጋው ዋና አሰልጣኝ አደረጉት። በዚያው ጊዜ ቺካጎ ፊንላንዳዊውን አልፖ ሱሆነንን ሾመ። አውሮፓ ውስጥ የተማሩ አሰልጣኞች የኤንኤችኤል ቡድን ሲይዙ እነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሊጉ ውስጥ የአውሮፓ ተጫዋች ሞልቶ ነበር። አሰልጣኝ ግን አልነበረም። ሰዎች የማያወሩት ግድግዳ ነበር።

የፔንግዊንስ ስብስብ ለእሱ የተዘጋጀ ይመስላል። ያግር እዚያ ነው። ማርቲን ስትራካ፣ ላንግ፣ ያን ህርዲናም አሉ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ማሪዮ ለሚዩ ተመለሰ። ለሚዩ ጫማውን ከሰቀለ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ የክለቡ ባለቤትም ነው። አሰልጣኙ ቀጣሪውን የሚያሰልጥንበት ሁኔታ ማለት ነው። ቡድኑ 96 ነጥብ ሰበሰበ። ያግር በ121 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆነ። በጥሎ ማለፉ ዋሽንግተንን ጣሉ። ከዚያ ቡፋሎን በሰባተኛው ጨዋታ፣ በጭማሪ ሰዓት አሸነፉ። የቡፋሎ በረኛ ማን ነበር? ሃሼክ። ከስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ አንድ ደረጃ ሲቀራቸው ኒው ጀርሲ አስቆማቸው።

ለአንድ አዲስ አሰልጣኝ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ ሌላ ወሬ ነበር። እንግሊዝኛው ደካማ ነው። መመሪያ አይሰጥም። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚፈልግ አያውቁም። ስብሰባ ላይ ዝም ይላል። በበጋው ክለቡ ገንዘብ አጥሮት ያግርን ለዋሽንግተን ሸጠው። አዲሱ ውድድር ሲጀመር ፔንግዊንስ አራት ጨዋታ አከታትለው ተሸነፉ። በጥቅምት 2001 ህሊንካን አሰናበቱት። ሪክ ኪሆ ተተካ።

የእሱን ቦታ የወሰዱት አሰልጣኞች ለዓመታት ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ እንኳን አላደረሱትም። ክለቡ እንደገና እሱ ያደረሰበት ደረጃ የደረሰው በ2008 ነው። ይህን የምለው ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። አንድ አሰልጣኝ ሰዎቹ የማይገባቸውን ነገር ሲያደርግ የማስረዳት ኃላፊነት አለበት። ፒትስበርግ ውስጥ የነበሩት ካናዳውያንና አሜሪካውያን ህሊንካን እንደ ሊትቪኖቭ ልጆች ሊያነቡት አይችሉም። ፊቱን ሲያዩ የሚያዩት ፊት ብቻ ነው። ራይኽል በዚያው ፊት ላይ አሥር ዓመት ያያል።

እኔ ይህን ነገር ከራሴ ኑሮ አውቀዋለሁ። በአማርኛ ስሆን ክፍሉን ማሳቅ እችላለሁ። ሲያስፈልግ እቆጣለሁ፣ ሲያስፈልግ በአንድ ቃል እዘጋለሁ። በሥራ ቦታዬ ቋንቋ ግን ለረጅም ጊዜ በስብሰባ ላይ ዝም እል ነበር። የምለው አጥቼ አይደለም። የምለውን አዘጋጅቼ ስጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ሄዷል። አንድ አለቃ በግምገማ ላይ ተነሳሽነት እንደሚጎድለኝ ጻፈብኝ። ተነሳሽነት! አገር ቤት የሚያውቀኝ ሰው ያንን ወረቀት ቢያይ የሌላ ሰው ነው ይል ነበር። በስደት የሚኖር አንባቢ ይህን ስሜት ያውቀዋል። አባቶቻችንን አስቧቸው፣ አገር ቤት አንድ ቃል ተናግረው ሰፈር የሚያስታርቁ ሰዎች ዲሲ ወይም ስቶክሆልም መጥተው በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ሐኪም ቤት ሲቀመጡ።

ስለዚህ የፒትስበርግን ዘገባዎች ሳነብ ህሊንካ ሰነፍ ነበር ለሚለው አባባል ቶሎ አልሸነፍም። ሰውዬው 50 ዓመቱ ነበር። በራሱ ቋንቋ የአገር ሁሉ አለቃ ነው። እንደ ጀማሪ ተማሪ ተሳስቶ ከመናገር ዝም ማለትን መረጠ። ይህ ኩራት ነው፣ ዋጋም አስከፍሎታል። ግን ኩራቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ደግሞ ዝምታው ባዶ ቢሆን ኖሮ ናጋኖ ላይም ይታወቅ ነበር። ለሽሌግር፣ ለራይኽልና ለስቮቦዳ ብዙ መናገር የማያስፈልገው ከ15 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነገር ስለነበረ ነው። ሊትቪኖቭ ውስጥ የተናገረውን ናጋኖ ላይ መድገም አላስፈለገውም። ፒትስበርግ ግን ከዜሮ ነው። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ቃል ያስፈልገዋል፣ ጊዜም ያስፈልገዋል። እሱ ቃሉ አልነበረውም፣ እነሱ ጊዜውን አልሰጡትም።

ከአሜሪካ በኋላ ሳይቤሪያ ሄዶ አቫንጋርድ ኦምስክን አሰለጠነ። ስለዚያ ዓመት ብዙ የምለው የለኝም። በ2002 ወደ ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን የዝነኞች መዝገብ ገባ። በ2004 ብሔራዊ ቡድኑን እንደገና ያዘ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ለሚጀመረው የዓለም ዋንጫ ሊያዘጋጀው። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ካርሎቪ ቫሪ አቅራቢያ መኪናው ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ኦገስት 16 ቀን 2004 አረፈ። 54 ዓመቱ ነበር።

ቡድኑን ማን ይረከብ? ሩዢችካ ተረከበ። ናጋኖ ላይ አምበሉ የነበረው ሰው። በሐዘን ላይ ያለ ቡድን ይዞ ቶሮንቶ ሄደና እስከ ግማሽ ፍጻሜ አደረሰው። በካናዳ 4 ለ 3 ተሸነፉ፣ ያውም በጭማሪ ሰዓት። በሚቀጥለው ዓመት ሩዢችካ ቪየና ላይ የዓለም ሻምፒዮን አደረጋቸው። በ2010 ኮሎኝ ላይ ደገመው። ያኔ ብዙ የኤንኤችኤል ከዋክብት አልመጡም ነበር። እንደ ህሊንካ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች አምኖ ነው ያሸነፈው። አለቃው አምበል ሲመርጥ አሰልጣኝም መርጦ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ የሊትቪኖቭ ስታዲየም በህሊንካ ስም ይጠራል። 21 ቁጥር ማሊያውን ሌላ ሰው አይለብሰውም። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በየበጋው የሚደረገው ትልቁ ዓለም አቀፍ ውድድርም በስሙ ነው። ከ2018 ጀምሮ የግሬትዝኪ ስም ተጨምሮበት የህሊንካና የግሬትዝኪ ዋንጫ ይባላል። የነገዎቹን ኮከቦች ፈልገው የኤንኤችኤል መልማዮች ሁሉ ይሄዱበታል።

ህሊንካ ያላገኘው የሊግ ዋንጫ ሊትቪኖቭ የገባው በ2015 ነው። ትርዢኔትስን በሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ አሸንፈው። ከ40 ዓመት ያለፈው ሩቺንስኪ፣ ከናጋኖ ወርቅ ባለቤቶች አንዱ፣ አሁንም በዚያ ቡድን ይጫወት ነበር። የቡድኑ አሰልጣኝ ራዲም ሩሊክ ይባላል። ኤንኤችኤል ውስጥ ያልተጫወተ፣ ስሙ ከአገሩ ውጭ ብዙም የማይታወቅ ሰው ነው። በግንቦት 2024 ፕራግ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ቼክ ስዊዘርላንድን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሳ ከወንበሩ ጀርባ የቆመው እሱ ነበር።